ቤት እስኪመታ

ቅዳሜ ነው፤ ባቡር የለም፤
ሐዲዱን ተከትለን ወጣን፣ በመኪና፣ በዝግታ፣
ዋጋው የት ላይ እንደሚሰበር ልናይ በየጣቢያው ተርታ።
ፈትለወርቅ ከጎኔ ናት፣ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ፤
ሦስት ዓምድ አስምራለች፦
ዋጋ፣ ደቂቃ፣ የወር ትኬት።
ከኋላ ኬብሮን፣ የአምስት ዓመቷ፣ አንድ ጥያቄ በየሄድንበት፦
«ይሄ ነው የኛ ቤት?»

እኔ የሆቴል ጠጋኝ ነኝ፣ ከዩኒየን ስቴሽን ጀርባ።
ወገቤ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ ሁለት መቶ አስር በር ይከፈታል፤
ቧንቧ ሲያለቅስ እገባለሁ፣ አምፖል ሲሞት እገባለሁ።
ማታ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምድር ቤት፤
ጣራዬ የሰው ወለል ነው።

ሮክቪልን ከመኪና ሳንወርድ አየነው፤
እንደ ሰው ሙሽራ በዓይናችን ሸኘነው።
ጌይተርስበርግ ስድስት መቶ ሺህ፤ ጀርመንታውን ትንሽ ወረደ፤
ፈትለወርቅ ስትደምር ስትሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።
ደላላችን አቶ ገዛኸኝ
(ስም ያወጣለት ሰው እንዴት አርቆ አየ!)
በስልክ «ወለዱ እኮ...» ብሎ ጀመረ።
ወለድ ምጥ አያውቅም፤
እኛ አንዲት ወልደን የምትሮጥበት ስናጣ
እሱ በየወሩ መንታ ይገላገላል።

ወንዙን ተሻገርን፤ ሌላ ስቴት፣ ሌላ ታርጋ።
ማርቲንስበርግ ስንደርስ ተንበረከከ ዋጋ።
አራት መኝታ፣ ጋራዥ፣ የሣር ሜዳ፤
ኬብሮን ተንከባለለችበት፣ «ይሄ ነው!» አለች ሳትጠይቅ።
ልቤም ከነጫማው ሣሩ ላይ ተንከባለለ።
ፈትለወርቅ አራተኛ ዓምድ አሰመረች፤
ደብተሩን ወደ እኔ አዞረች፦
«ሌሊት አስር ሰዓት ትነሣለህ።
ማታ አንድ ተኩል ትገባለህ።
ልጅህ ሁለት ላይ ትተኛለች።
በቀን ግማሽ ሰዓት አባት ነህ።
ብር ያጣ በዕድሜው ይከፍላል፤
እኔ ዕድሜህን ለባንክ አላስይዝም።»

ተመለስን። ኬብሮን አለቀሰች
እስከ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ሁለቱ ወንዞች እስኪገናኙ።

ብሩንስዊክ፣ የባቡር ሠራተኞች ያረጁባት ከተማ፤
ቁልቁለቱ ላይ ጠባብ ቤት፣
ሁለት መኝታ፣ ቢለምኑት ሁለት ተኩል፣
ደረጃው የሚያቃስት፣ በረንዳው ያዘመመ።
ለምን እንደረከሰ አቶ ገዛኸኝ ሳይነግረን
ዕቃ ጫኝ ባቡር መጥቶ ነገረን፦
መስኮቱ ተንዘፈዘፈ፤ ቁም ሳጥኑ ራሱን ከፈተ፤
ሰማንያ ሰባት ፉርጎ (ኬብሮን ናት የቆጠረችው) እስኪያልፍ
ማንም አልተነፈሰ።
ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ኬብሮን፦ «ይድገመው!»
ፈትለወርቅ ሳቀች፤
አራተኛው ዓምድ ላይ «ሰዓት ከሩብ» ብላ ጻፈች።

ፈረምን። ስንት ገጽ! እጄ ስሜን መጻፍ ታከተው።
ገዛሁት ልበል? ሠላሳ ዓመት የሚገዛኝ እሱ ነው።
ግጥም የሚወድ አጎቴ በስልክ
«በስተርጅና ቤት መታልህ!» አለኝ።
ኧረ አጎቴ፣ ቤቱ ነው እኔን የመታኝ፤
ጥሪቴን፣ ወገቤን፣ ያቺን የክፉ ቀን ብር።

አሁን ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ ባቡሩ ሳይፈጥን፣
በጓሯችን ግርጌ ያልፋል።
በግራ በኩል እቀመጣለሁ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ።
የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል፤
ፈትለወርቅ ታጠፋዋለች፣ ታበራዋለች፤
ፊት ለፊቴ ያንቀላፋችው ነርስ አትነቃም።
ከዚያ ዛፎች፣
ከዚያ ጨለማ፣
ከዚያ ትኬት ተቆጣጣሪው።
ሁለት ሴኮንድ ነው ያየሁት።
የዚያ መብራት ቆጣሪ በስሜ ነው።